የፌንጣ ኪኒን

ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ይላታል። ምሳ ስትበላ ትቆማለች፣ ስታጠና ትዘላለች፣ ተኝታ እንኳ እግሯ አያርፍም። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ «የኔ ልጅ ፍሬን የላትም፤ ጤና ይስጣት እንጂ ሌላው ይደርሳል» እያለ ይስቃል። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ግን ልጇ የጀመረችውን መጨረስ እያቃታት ስታለቅስ አይታ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። በዕድሜ የገፉት ሐኪም በደንብ መረመሯትና ትኩረቷን የሚሰበስብላት ኪኒን አዘዙላት። ፌንጣም ፌንጣነቷን ሳትተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበበች።

ነገር የተበላሸው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ነው። የእናትየው የስፌት ክፍል በዩኒፎርም ጨርቅ ተጨናነቀ። እምቢ ማለት የማታውቅ ሴት ናትና የመጣውን ሁሉ ተቀበለች። አንድ ጠዋት ዓይኗ እየተከደነ የአንዱን ዩኒፎርም እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው። ፈትታ ልትጀምር ስትል የልጇ ኪኒን ጠረጴዛው ላይ ታያት።

«ልጄን ያልጎዳ እኔን ምን ያደርገኛል? ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ከመንገድ የተለቀመ አይደለም» ብላ ዋጠችው።

ያን ቀን እጇ ክንፍ አወጣ። በማግስቱም ደገመች። ሰነባብታ አንዱ አልበቃ አላትና ሁለት አደረገችው። ምግብ አፏ ውስጥ ገለባ ሆነ፣ እንቅልፍ ሸሻት፣ ልቧ ከስፌት መኪናው ጋር እሽቅድድም የያዘ ይመስል ይደልቃል። ኪኒኑን ያልዋጠች ቀን ደግሞ ሰውነቷ እንደ እርሳስ ይከብዳታል፤ መኪናው ፊት መቀመጥ ያስፈራታል።

ባልዋ ምሳ አቅርቦላት፣ «እመቤቴ፣ ቀሚስሽ ጥሎሽ ሊሄድ ነው እኮ። እስቲ ትንሽ ቅመሽ» አላት።

«ሥራ ላይ ነኝ፤ አታይም?» አለችና ሳህኑን ገፋችው።

በቀልዱ ከሰው ሁሉ ቀድማ የምትስቅለት እሷ ነበረች። ሰውየው ሳህኑን አንስቶ ወጣ።

ኪኒኑ ከቀኑ ቀድሞ ተመናመነ። መድኃኒት ቤት ሄዳ «ውኃ ፈሰሰበት» አለች። ባለሙያው በትሕትና፣ «ይህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቀድሞ አይሰጥም፤ ሐኪሟን አነጋግሪ» ብሎ መለሳት። ሐኪሟ ዘንድ ለመሄድ ግን አፈረች። ለልጇ «ይህን ሰሞን ኪኒኑን እረፊበት» አለቻት። ልጅ እናቷን ታምናለችና አመነቻት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ «እማዬ፣ ጭንቅላቴ እንደ ድሮው ሆነብኝ። ዛሬ ምንም አልጻፍኩም» ስትላት፣ እናት ፊቷን ወደ ስፌቱ አዞረች።

አንድ ጠዋት ፌንጣ የረሳችውን ቦርሳ ልትወስድ ተመልሳ በሩን ስትከፍት፣ እናቷ የመጨረሻዋን ኪኒን በእጇ ይዛ አገኘቻት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጠጋ አለችና፣

«እማዬ፣ አንቺንም ጭንቅላትሽ ያስቸግርሻል እንዴ?» አለቻት። ትከሻዋንም ዳበሰቻት። «ይሁን፣ አንቺ ዋጪው። እኔ ለቲቸር እናቴ ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ።»

እናትየው ኪኒኗን በልጇ መዳፍ ላይ አኖረችና ውኃ ቀዳችላት።

«ያንቺ ነው ልጄ። ሁሉም ያንቺ ነበር። እናትሽ ሰርቃሻለች።»

ባልዋ ለምሳ ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው። እሱም ዓይኑን ጠራርጎ፣ «እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር። ይሄማ መድኃኒት አለው» አላት። ተያይዘው ሐኪሟ ዘንድ ሄዱ።

«ሐኪም ያዘዘው ነው ብዬ ነው፣ ዶክተር» አለች አንገቷን ደፍታ።

«አዎ፣ አዝዣለሁ፤ ግን ለማን?» አሉ ሐኪሟ የደም ግፊቷን እየለኩ። «ልጅሽን መዝኜ፣ ልቧን አዳምጬ፣ እየተከታተልኩ ነው የምሰጣት። አንቺን ማን አየሽ? ብርታት የሰጠሽ መሰለሽ እንጂ የነገውን ጉልበትሽን ነበር የሚያስበላሽ። ግፊትሽም ከፍ ብሏል። ደግነቱ መጥተሻል፤ አብረን እናስተካክለዋለን።»

ቀላል አልሆነም። ከተወችው በኋላ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳታል። ሐኪሟ በየጊዜው እያስጠሩ አዩዋት። ባልዋ ጨርቁን ለየባለቤቱ እየመለሰ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያጉረመረመም ነበር፣ «ይማርልን፣ እንጠብቃለን» ያለም አልጠፋ። ሐኪሟ ዳግም ያዘዙትን የልጅቷን መድኃኒት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ በእጁ የሚሰጣት እሱ ሆነ። ፌንጣ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ለእናቷ መጽሐፍ ታነባለች። አልፎ አልፎ መስመር ትዘላለች፤ እናቷም አታርማትም።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ መድኃኒቱን እንድትፈሩት አይደለም። ለታዘዘለት ሰው፣ በታዘዘለት መጠን፣ በረከት ነው። ለሌላ የታዘዘውን መዋጥ፣ የታዘዘልንንም በራሳችን መጨመር ግን ሳናውቀው ባሪያ ያደርገናል። የደከመ ሰው የጎደለው እረፍትና «አግዙኝ» የምትል ቃል ነው። የገባበትም ቢኖር አይደበቅ፤ ለሚወደው ሰው ይንገር፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። በቀደም አንዲት የሙያ ጓደኛዋ መጥታ፣ «ጉልበት የሚሰጥ ኪኒን ታውቂያለሽ አሉ። እባክሽ አትሰስቺብኝ» ብላ ለመነቻት። እሷም ወንበር ሳበችላትና የደረሰባትን አንድም ሳታስቀር አጫወተቻት።

«ታዲያ አሁን ሥራ ሲበዛብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች ጓደኛዋ።

«አልችልም እላለሁ» አለቻት። «መጀመሪያ አፍ ላይ ያስቸግራል። ከዚያ ይለመዳል።»