የደራሽ ሦስተኛ ጥያቄ

ደራሽ ቁጥር ሰባት የቀኑን ዙር ጨርሶ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሲገባ ውባለም ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ሁሌም የሚገባው በመስኮት ነው። ደራሽ ማለት ኑሮ ወደከበደው ቤት እየበረረ የሚሄድ የወረዳው አሳቢ ማሽን ነው። ስንት ቀን የሚያቆይ ዱቄት፣ ውሃና መብራት እንደቀረ የየቤቱ ግድግዳ ይነግረዋል፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ አስቸኳይ ድጋፍ ይሰጣል። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባለቤቱ እሺ ብሎ መዳፉን ደራሹ በያዘው ሰሌዳ ላይ ማሳረፍ አለበት።

ውባለም የደራሾቹ ጠባቂ ናት። የዕለቱን ውጤት ስታይ ደነገጠች። ከጽሕፈት ቤቱ በላይ ባለው ሠፈር ድጋፍ ከተፈቀደላቸው ስልሳ አንድ ቤቶች አምሳ ስምንቱ አልፈልግም ብለዋል። የማሽኑን ጆሮ መረመረች፣ ድምፁን ፈተሸች፤ ምንም አልተበላሸም። የመምሪያ ኃላፊው አቶ ይርዳው፣ ካልፈለጉ አልተቸገሩም ማለት ነው፣ ጉዳዩን ዝጊው አሏት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰሌዳ ማመን የለመዱ ናቸው።

መዝጋት አቃታት። የአንዱን ቤት የድምፅ ቅጂ ከፍታ አዳመጠች። ቤቱ የጋሽ ዘርጋው ነው፤ ጡረታ የወጡ የሰማይ ባቡር ነጂ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አልታዬ የሚተነፍሱት በማሽን ነው። የቤቱ መብራት ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል።

«አስቸኳይ ድጋፍ ተፈቅዶልዎታል። ይቀበላሉ?» ይላል ደራሹ።

«አይ ልጄ፣ ተመስገን ነው። ለባሰበት ስጡት።»

«ምላሽዎ ተመዝግቧል። መልካም ቀን።»

ቅጂው ጥቂት ይቀጥላል። የእትዬ አልታዬ ደካማ ድምፅ «ሄደ እንዴ?» ይላል።

«ሄደ» ይላሉ ጋሽ ዘርጋው።

ውባለም አፈረች። ያደገችው እዚያው ሠፈር ነው። እዚያ ሰው በመጀመሪያው ግብዣ እጁን አይዘረጋም፤ ጋባዡም አንዴ ጠይቆ አይሄድም። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች፣ እሷም ጭምር፣ ይህን እያወቁ ረስተውታል። ወዲያው ደራሹን ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ፣ በሦስተኛው ደግሞ «በሞቴ» እንዲል አዘዘችው።

ደራሹ ትእዛዙን አልተቀበለም።

«ይህን ማለት አልችልም» አላት። «የተሠራሁት ሐሰት እንዳልናገር ሆኜ ነው። የምምልበት ሞት የለኝም።»

ሰዓቷን አየች፤ አሥር ተኩል አልፏል። ደራሹን ከነሰሌዳው ታቅፋ ወደ ሠፈሩ የሚያወጣውን ደረጃ በሩጫ ወጣች።

ጋሽ ዘርጋው በሩን ከፈቱ። ኮታቸውን ለብሰው ቁልፎቹን እስከ ላይ ቆልፈዋል፤ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ይመስላሉ። ከውስጥ የመተንፈሻው ማሽን ይሰማል። አንዴ ጠየቀቻቸው፣ አይ አሉ። ደገመች። ለባሰበት ይሁን አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ውስጥ ሄዶ ተመለሰ።

«ጋሽዬ፣ በሞቴ» አለች ውባለም። ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምራ ስትለው ኖራለች፤ ምን እንደምታስይዝ ግን አስባው አታውቅም ነበር። እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው እንባዋን አዩ። «አንቺስ አትሙቺብኝ» አሉና መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። ፈዞ የነበረው የበሩ መብራት መልሶ ደመቀ።

እዚያው ቆማ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለች። ገና አምሳ ሰባት ቤት ይቀራል። አቶ ይርዳው ሁሉን ከሰሙ በኋላ፣ ስንት ደራሽ ልላክልሽ ብለው ጠየቋት።

«ደራሾቹ ሰሌዳ ይያዙ» አለች። «የሚሞት ሰው ይምጣ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ አቶ ይርዳው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ከፊት ሆነው ደረጃውን ሲወጡ አየቻቸው። አሥር የወረዳው ሠራተኞች ተከትለዋቸዋል፤ ደራሾቹም ከበላያቸው ድምፅ ሳያሰሙ እየበረሩ ነበር።