ፍሬን ሲረገጥ የሚዘፍነው ቪትዝ

ፀደንያ ከአፍንጮ በር እስከ ፒያሳ ፍሬን ላለመርገጥ ያላደረገችው ነገር የለም።

ሰው ቀይ መብራት ሲያይ ፍሬን ይረግጣል። እሷ ግን ከሩቁ እግሯን ከነዳጅ አንስታ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለች እየሳበች፣ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተች ነው የመጣችው። ከኋላዋ ያለው ሚኒባስ ረዳት ትዕግሥቱ አለቀና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እመቤት! መኪናዋን እያስተኛሻት ነው ወይስ እየነዳሻት?»

አልመለሰችለትም። ድሮ ቢሆን አፉን ታስይዘው ነበር፤ አፏ እሳት የነበረ ልጅ ነች። አሁን ግን ስድቡ ጆሮዋ ድረስ መጣና ከዚያ ወዲያ የትም ሳይደርስ ቀረ።

ከአትክልት ተራ ወረድ ብሎ (አትክልቱ ከሄደ ቆይቷል፣ ስሙ ግን ወይ ፍንክች!) የጎይቶም የመኪና ቴፕ መጠገኛ አለ። በሩ ጋ ልትደርስ ስትል አንዲት ድመት ከፊቷ ዘለለች። ፀደንያ ሁሉንም ረሳችና ፍሬኑን ረገጠችው።

ድድድም!!!

የሰርግ ዘፈን! ከነከበሮው፣ ከነጭብጨባው፣ ከነእልልታው! የሱቆቹ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ርግቦቹ ከቆርቆሮው ላይ ብርር አሉ። ጎይቶም በአንድ እጁ ካቻቢቴ፣ በአንድ እጁ ፒንሳ እንደያዘ እስክስታ እየወረደ ከሱቁ ብቅ አለ።

«እሰይ! እሰይ! ሰርግ መጣ! ሙሽራዋ የታለች?»

እግሯን ከፍሬኑ ስታነሳ ዘፈኑ ቁርጥ አለ። በሩ ተከፈተ። ጥቁር ጫማ ወረደ። ጥቁር ቀሚስ። ጥቁር ሻሽ።

እናንተዬ፣ የልጁን ትከሻ ባያችሁት! በእስክስታው መሀል እንደተነሳ ደርቆ ቀረ።

«ይቅርታ... እኔ እኮ... ይቅርታ እህቴ። እግዜር ያጥናሽ።»

«ምንም አይደል» አለችው።

እውነቷን ነው፣ ምንም አልመሰላትም። መጥፎው እሱ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ምንም ነገር ምንም አልመሰላትም።

«ንቀልልኝ» አለችው። «ቴፑንም፣ ስፒከሩንም፣ ሁሉንም። ዝም የሚል መኪና ነው የምፈልገው።»

«ለምን?»

የታክሲ ፌርማታ እንደሚቆጥር ሰው ነገረችው። መኪናው የታላቅ ወንድሟ የመድኃኔ ነው። መድኃኔ ሰው ሲያመላልስ ውሎ ያገኘውን ሁሉ ያፈሰሰው እዚህ ድምፅ ላይ ነው፤ በከተማው አለ የተባለውን ዕቃ ገዛ። ሲያስገጥም ግን «የሰፈር ልጅ እያለ ለባዳ አልሰጥም» ብሎ ለጎረቤት ልጅ ሰጠው። ያም በአንድ ምሳ ገጠመለት። መድኃኔ ቴፑን አጥፍቶ ነድቶ ስለማያውቅ ጉዱ አልታወቀም። ከዚያ መድኃኔ ድንገት ታመመ። ብዙም አልቆየም።

«ሰልስቱ ቀን እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ይዤ መጣሁ» አለች። «ድንኳኑ ፊት ፍሬን ያዝኩ። ይሄ ዘፈን ለቀቀው። ስደነግጥ ይባስ ረገጥኩት። ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ።»

«ወይኔ!»

«ስንቀብረው አላለቀስኩም ነበር። ‹እንባ እምቢ ብሏት ዘፈን ከፈተች› አሉ። እናቴ ያን ጩኸት የያዘ መኪና ደጄ ላይ አይቆምም ብላለች። ካልወጣ ለሙት ዓመቱ ትሸጠዋለች። እሱ ከተሸጠ ደግሞ... ከመድኃኔ ምንም አይቀረኝም።»

ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ጎይቶም ዳሽቦርዱን ፈታው። ፈታውና ጮኸ።

«ኡኡቴ! ይሄን የገጠመው ጠላት ነው እንዴ? ነይ እይ! ቴፑን የሚያስነሳው ሽቦ ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ጋር ተቋጥሯል። በናስትሮ ብቻ! ፊውዝ የሚባል ነገር የለ! ይሄ እኮ አንድ ቀን እሳት ያስነሳ ነበር።»

ከዚያ ስፒከሩን አወጣና በጨርቅ አቧራውን ጠረገው።

«ዕቃው ምንም አላጠፋም። ወርቅ ነው። ወንድምሽ ጆሮ ነበረው።»

ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ስለ መድኃኔ የሚላት «ነፍስ ይማር» ብቻ ነበር። ጆሮ ነበረው ያላት የለም። የጥርስ ሐኪም ያደነዘዘውን ድድ በጣታችሁ ስትነኩት ታውቁታላችሁ? መነካቱ ይታወቃል፣ ሕመሙ ግን የለም። እንደዚያ ሆነባት።

«እንዲህ ላድርግልሽ» አለ ጎይቶም። «ሁሉንም አውጥቼ እንደ አዲስ ልግጠመው። ሽቦውን በሙሉ እለውጣለሁ፣ በዚህ ሽቦ ጠንቅ የተቃጠሉትን ሁለት ስፒከሮች እቀይራለሁ። ካላዘዝሽው ትንፍሽ አይልም። ትንፍሽ ካለ እኔን ንቀይኝ!»

«እንደፈለግክ» አለች። በዚያ ዓመት ከአፏ የማይጠፋው ቃል ይሄ ነበር።

*

ገጥሞ ሲጨርስ ደወለላት። መጣች።

«አሁን መሞከር አለበት» አላት፣ ጭንቅላቱን እያከከ። «የሚሞከረው በዘፈን ነበር። ግን ከል የለበሰ ሰው መኪና ውስጥ ዘፈን አልከፍትም።»

«በምን ትሞክረዋለህ ታዲያ?»

«በሰው ድምፅ። አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ፣ ከዚያ በስፒከሩ እንሰማዋለን።»

«ምን ላውራ?»

«የመጣልሽን።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች ፀደንያ። «ቲማቲም። ሽንኩርት። ቃሪያ።»

ከአራቱም በር ድምፅዋ መልሶ መጣ። ጥርት ያለ፣ አንድ ሳንካ የሌለው... ግን ሰው የሌለበት ድምፅ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ስፒከሩ ተበላሽቷል።»

«ስፒከሩ ደህና ነው» አለ ጎይቶም ቀስ ብሎ። «ድምፁ ነው የደከመው። ነገ ደግሞ እንሞክር።»

በነጋታው የቀኝ በሩ «ትንሽ ይንቀጠቀጣል» አለ። ከዚያ ደግሞ የግራው። ከዚያ ቤዙ። ሌባ! ሥራው እኮ በመጀመሪያው ቀን አልቋል። እሷስ አልገባትም? ገብቷታል። ግን ትመጣለች። ከቤት ወጥታ የምትሄድበት ቦታ ማግኘቷ ደስ አላት ማለት ይከብዳል፤ ደስታ የሚባለው ነገር የት እንዳለ አታውቀውም። እግሯ ግን ወደዚያ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ጎይቶም ስልኩን ደቀነላትና «አውሪ» አላት።

«መድኃኔ...» ብላ ቆመች። «መድኃኔ ማታ ሲመጣ ወዲያው አይገባም ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይቆያል። ራቱን ይዤለት እወጣለሁ። መኪናው ውስጥ ነው የሚበላው። ሲዘፍን ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ጣሳ ነው! እኔን ‹ፀዲ ጩኸቴ› ነበር የሚለኝ። ያን የሰርግ ዘፈን የጫነው ሊያናድደኝ ብሎ ነው። ‹ባል ባታገኚም እኔ ለሰርግሽ ዝግጁ ነኝ፤ በዚህ ድምፅ ቴዎድሮስ አደባባይን ነው የማዞርሽ› ይለኝ ነበር።»

ዝናቡ ቀጠለ። ጎይቶም ስልኩን እንደደቀነ ነው።

«ስንቀብረው አላለቀስኩም። እማዬ ታየኛለች። አላለቀስኩም። እንባዬ የት እንደሄደ አላውቅም። ማንም አላመነኝም እንጂ... እየፈለግኩት ነው።»

ስልኩን አጠፋ። ስፒከሩን አልከፈተም።

«አትሰማውም እንዴ?»

«ይሄ ሙከራ አይደለም» አላት። ቃሏን ፍላሽ ላይ ገልብጦ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ከስልኩ ላይ ደግሞ እያየችው አጠፋው። «ያንቺ ነው። ጣዪው ብትፈልጊ፣ አስቀምጪው ብትፈልጊ።»

ጣቱ መዳፏን ነካት። ሙቅ ነበር። መሞቁ ታወቃት።

*

በማግስቱ ስትመጣ መኪናው ባዶ ነበር።

ዳሽቦርዱ ላይ ጉድጓድ። በሮቹ ላይ ጉድጓድ። ሽቦው እንደ ዶሮ አንጀት ተንጠልጥሏል።

«ምን አደረግክ?»

«ፀደንያ፣ ቆይ... እናትሽ...»

«ማን ንቀል አለህ?!»

መንገደኛው ዞሮ አየ። ከስምንት ወር በኋላ የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። የደከመው ድምፅ ሳይሆን የፀዲ ጩኸቴ ድምፅ! ግን ወዲያው መልሶ ጠፋ።

«አንተም» አለች ዝቅ ብላ። «ግድ የለም።»

ታክሲ ይዛ ሄደች። ሲደውልላት አላነሳችም። አልተናደደችም እኮ፣ ንዴትም ጉልበት ይፈልጋል። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ታያለች። ሳምንቱ ሲጋመስ መልእክት ገባላት፦ «ዕቃው አልተጣለም። በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። እናትሽ ያሉኝ ነገር አለ፣ ፊት ለፊት ነው የምነግርሽ።»

ሄደች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ከአራዳ ጊዮርጊስ ሲመለሱ መኪናውን በሬ ላይ አዩት» አለ ጎይቶም። «ከል ለብሰዋል። ‹ልጄ፣ የባለመኪናው እናት ነኝ፣ ንቀልልኝ› አሉኝ። የሟች እናት እንዲህ ስትለኝ አይሆንም ልበላት? ሳልወድ ፈታሁት። ቆመው አዩኝ። ሲሄዱ ምን አሉኝ መሰለሽ?»

«ምን አለችህ?»

«‹አንዱ ልጄ ሞተብኝ። አንዷ በቁሟ ድንጋይ ሆነችብኝ። እንግዲህ ይሄ እንኳን ዝም ይበልልኝ።›»

ፀደንያ መሬት መሬት አየች።

«ድንጋይ እንዳልሆንሽ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም» አለ። «ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሰው ምስጢር ነው ብዬ ዋጥኩት።»

አንድ ሸክም ያዘለ ሰው «መንገድ! መንገድ!» እያለ በመሀላቸው አለፈ።

«ግጠመው» አለች።

«እናትሽስ?»

«ግጠመው አልኩህ! የቴፕ ሠራተኛ ሆነህ ጆሮ የለህም እንዴ?»

ጎይቶም ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ስድብ እንዲህ የጣፈጠው ሰው አይቼ አላውቅም።

*

እናቷ ወይዘሮ አይናዲስ በር ላይ ነበሩ። ቪትዟ ቁልቁለቱን ስትወርድ ሲያዩ ነጠላቸውን ይዘው ጆሯቸውን ሸፈኑ።

ፀደንያ በራቸው ላይ ስትደርስ ፍሬኑን ረገጠችው። እስከ መጨረሻው።

ዝም።

ወይዘሮ አይናዲስ ጠበቁ። አሁንም ዝም። እጃቸው ቀስ እያለ ከጆሯቸው ወረደ።

«ግቢ እማዬ።»

«አልገባም።»

«በመድኃኔ ሞት! ዘፈን አይደለም። አንድ ነገር ላሰማሽ።»

በልጃቸው ሞት ተለመኑ፣ ምን ይሁኑ? ገቡ። ፀደንያ ፍላሹን ሰካችና መስኮቱን ዘጋች። ድምፅዋ ወጣ። ከኋላው የዝናቡ ድምፅም አለ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ... ራቱን ይዤለት... እንደ ተሰነጠቀ ጣሳ... እንባዬ የት እንደሄደ አላውቅም።

ሲያልቅ ወይዘሮ አይናዲስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር።

«ልጄ... እኔ እኮ ምንም ያልመሰለሽ መስሎኝ...»

«እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር እማዬ።»

እናትየው ልቅሶ ፈነቀላቸው። ፀደንያ አቀፈቻቸው። የራሷ ዓይን አሁንም ደረቅ ነው። ግን ክንዷ እናቷን ሲይዝ ክብደታቸው ተሰማት። የእናቷ ክብደት!

ወይዘሮ አይናዲስ አፍንጫቸውን ጠረጉና ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«አይሸጥም» አሉ።

*

ሙት ዓመቱ ወጣ። ከል ወለቀ። ፀደንያ የውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከአትክልት ተራ ወረድ አለች። በሩ ላይ ፍሬን ረገጠች። ጸጥ። ጎይቶም ሮጦ ወጣ፣ አሁን ግን እስክስታ የለም።

«ምነው? ጮኸ እንዴ?»

«አልጮኸም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«አሁን በዘፈን መሞከር ይቻላል ብዬ።»

ጎይቶም እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከጎኗ ተቀመጠ። ዝቅ አድርጎ ከፈተው። የመድኃኔ የሰርግ ዘፈን ነው። ከበሮው እንደ ልብ ትርታ ቀስ ብሎ ከወንበሯ ሥር መጣ። ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ያ ዓመት ሙሉ የፈለገችው እንባ መንገዱን አግኝቶ ወረደ።

«ላጥፋው?»

«እንዳትነካው!»

አልነካውም። እጇን ግን ያዘው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ፣ ልክ እንደ መድኃኔ።

«ጎይቶም።»

«ወይ።»

«መጀመሪያ ቀን ‹ሰርግ መጣ፣ ሙሽራዋ የታለች?› ብለህ ነበር።»

«በናትሽ አታንሺብኝ! እስካሁን አፍራለሁ።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሽማግሌ ላክና ታገኛታለህ።»

ላከ! በሚቀጥለው እሁድ ላከ። ወይዘሮ አይናዲስም «እስቲ እናስብበት» ብለው ለደንቡ ሽማግሌዎቹን አመላለሷቸው እንጂ የመጀመሪያው ቀን ማታ ለጎረቤት ሁሉ ነግረው ነበር።

የሰርጉ ቀን ረጅም መኪና ተከራይቶ መጣ። ሙሽራዋ ግን እምቢ አለች። ሙሽሮቹ ቪትዟ ኋላ ወንበር ላይ ቬሎውን እየጨፈለቁ ተቀመጡ፣ ሚዜው ነዳ፣ ወይዘሮ አይናዲስ ከፊት ተቀመጡ። ጎይቶም እሳቸውን ፈርቶ ዘፈኑን ዝቅ አስደርጎታል።

ቴዎድሮስ አደባባይን መዞር ሲጀምሩ ወይዘሮ አይናዲስ ወደ ኋላ ዞሩ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ኧረ ጨምረው ልጄ» አሉ። «መድኃኔ እንዲህ ዝቅ አድርጎ አያውቅም።»