ከጣውላው ጀርባ

«አየሽ? እጇን አየሽልኝ?» አለ ኤምሪስ፣ ሴት ልጁን በክርኑ ጎሸም አድርጎ።

ኔሪስ አይታለች። የቀለጠው የብየዳ ሽቦ የመዳቡን ቧንቧ መገጣጠሚያ እንደ ቀለበት ዞሮ ገጠመው። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም። ሎውሪ የጋዙን እሳት አጠፋችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ፈገግ አለች።

«ዕድል ነው፣ ጋሽ ኤምሪስ።»

«የምን ዕድል! እንዲህ ያለው ነገር በደም ነው የሚመጣው።»

በደም! ኔሪስ ቃሉን በልቧ ደገመችው። የኤምሪስ ደም ያለው በማን ሰውነት ውስጥ ሆነና?

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቧንቧ ሠራተኛው አባቷ ጋር ሥራ መውጣት፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ፣ የእሷ ብቻ ነበር። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል። ከሦስት ሳምንት በፊት የልብ ጓደኛዋን ሎውሪን «ነይ፣ ይመችሻል» ብላ የጋበዘቻት ራሷ ናት። በገዛ እጇ! ኔሪስ ስትበይድ ሽቦው ይጓጉላል፣ ይንጠባጠባል። አባቷም «ይሁን፣ ውሃ እስካላሳለፈ ድረስ» ይላታል። ለሎውሪ ግን «ይሁን» ብሎ አያውቅም። ለሎውሪ «አየሽ?» ነው።

የዛሬው ሥራ ስዋንሲ ከተማ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ፣ የወይዘሮ ፕራይስ ማድ ቤት ነው። የቀረችው አንዲት መገጣጠሚያ ናት፤ ከላቫንዲኖው ሥር፣ ጥግ ላይ፣ ግድግዳውን የሸፈነውን አረንጓዴ ጣውላ ልትነካ ምንም አልቀራት። ጣውላውን የሠሩት በሕይወት የሌሉት ባላቸው ናቸው።

«ይቺ አስቸጋሪ ናት» አለ ኤምሪስ። «ሎውሪ ትበይዳታለች። ኔሪስዬ፣ አንቺ መከላከያውን አዘጋጂ። እኔ ፎቅ ወጥቼ የውሃ ታንከሩን አይቼ እመጣለሁ። እስክመጣ እሳት የሚባል ነገር የለም፣ ተሰማማን?»

ኔሪስ በጀርባዋ ተኝታ ላቫንዲኖው ሥር ገባች። ሥራውን ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። ጣውላውን በውሃ መርጫ አራሰችው። የፕላስቲኩ መዝጊያ እንዳይቀልጥ ቧንቧውን በእርጥብ ጨርቅ ጠመጠመችው። ከዚያ እሳት የማያሳልፈውን ወፍራም ጨርቅ ከቧንቧው ጀርባ ሰቀለችው። የስልኳን መብራት አብርታ ጥጉን ስታይ ግን እጇ ቆመ።

ቧንቧው ጣውላውን አልፎ የሚገባበት ቀዳዳ ሰፊ ነው። ብርድ እንዳይገባ ድሮ በጋዜጣ ተወትፏል፤ ቢጫ፣ ደረቅ ጋዜጣ። ጨርቁ እዚያ አልደረሰም፤ አንድ ጣት ይቀረዋል። ጋዜጣውን ነቅሎ ማውጣት፣ ቀዳዳውን ማራስ፣ በላዩ ቆርቆሮ መደገፍ፤ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። መርጫውን አነሳች።

ያኔ ከደረጃው የወይዘሮ ፕራይስ ድምፅ ተሰማ። «ያቺ የምትበይደዋ ጎበዝ ልጅ ያንተ ናት?»

«የልጄ ጓደኛ ናት» አለ አባቷ እየሳቀ። «የኔ ብትሆንማ!»

ኔሪስ መርጫውን መልሳ አስቀመጠችው።

እሳት እንዲነሳ አልፈለገችም። ትንሽ ጥቁር ነገር፣ ትንሽ የተለበለበ ቀለም ብቻ። አባቷ አይቶ «አይ ሎውሪ» እንዲል። አንድ ጊዜ ብቻ።

ኤምሪስ ተመልሶ ተንበረከከ። እሱ ካለበት ጥጉ አይታይም። «ጨረስሽ? ቀዳዳውንም አይተሻል? ምንም የለበትም?»

«ምንም የለበትም» አለች።

ሎውሪ እሳቱን ለኮሰች። ሽቦው ቀለጠ፣ ዞረ፣ ገጠመ። ከበፊቱም ያምር ነበር።

ሻይ ይዘው ከተቀመጡ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወይዘሮ ፕራይስ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። «ዳቦ የሚያቃጥለው ማነው?»

ዳቦ የጣደ ሰው አልነበረም። ከጣውላው አናት፣ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ይወጣ ነበር።

ኤምሪስ ኩባያውን ጥሎ ተነሳ። ከመሣሪያው ሣጥን ብረት መዝዞ ጣውላው ጠርዝ ውስጥ ከቶ ገነጠለው። አረንጓዴው ጣውላ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከጀርባው ቀይ ፍም ጋዜጣውን ተከትሎ ወደ ላይ እየተሳበ ነው። ኔሪስ ለጥንቃቄ ውሃ ሞልተው ያስቀመጡትን ባልዲ እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም። ደፋችው፤ ደግማ ቀድታ ደፋች። ግድግዳው ሲጥ አለ። ከዚያ የተረፈው የእርጥብ አመድ ሽታ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ፕራይስ የጣውላውን ስባሪ አንስተው ገለበጡት። በጀርባው በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ ባላቸው ሲለኩ የጻፏቸው። ይዘውት ወደ ሳሎን ሄዱ።

ኤምሪስ ወደ ሎውሪ ዞረ። «እሳቱን ወደ ጣውላው አዙረሽው ነበር?»

«አይመስለኝም… እንጃ። ምናልባት ብዙ አቆየሁት። ይቅርታ፣ ጋሽ ኤምሪስ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከባዱን ሥራ ቶሎ ሰጠሁሽ። ለጊዜው ቅዳሜው ይቅርብሽ፣ እሺ?»

ሎውሪ ጓንቶቿን አውልቃ፣ አጣጥፋ የመሣሪያው ሣጥን ላይ አስቀመጠቻቸው። ኔሪስን ስታልፍ «ቤቱን ላቃጥልባቸው ነበር እኮ» አለቻት በሹክሹክታ። በሩ ተዘጋ።

በቃ። የፈለገችው ሆነ።

«አንድ ሰዓት ሳንጠብቅ አንሄድም» አለ ኤምሪስ። «ውስጥ ውስጡን የተደበቀ እሳት ሊኖር ይችላል። እጅሽን ግድግዳው ላይ አድርጊ፤ የሚሞቅ ቦታ ካገኘሽ ንገሪኝ።»

እጇን አሳረፈች። ግድግዳው እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ራሷን ደባበሳት። «አንቺ እንኳን የድርሻሽን ሠርተሻል። ባልዲውንም ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ጎበዝ።»

ይህን ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብቃዋለች። አሁን ሲመጣ፣ የሌላ ሰው ጫማ እንዳጠለቀች ያህል ጨነቃት።

«አባ፣ ጋዜጣውን አይቼው ነበር።»

«የቱን ጋዜጣ?»

«ቀዳዳው ውስጥ የነበረውን። ላርሰው መርጫውን አንስቼ ነበር… ተውኩት።»

ኤምሪስ እጁን ከራሷ ላይ አነሳ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ኔሪስ።»

«ጠይቀኸኛል።»

«ለምን?»

ግድግዳውን እያየች መለሰች። «‹የኔ ብትሆንማ› ስትል ሰማሁህ።»

ውጪ ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። አባቷ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። ንዴት ይሁን ሌላ ነገር ልትለየው አልቻለችም።

«የሎውሪ አውቶብስ ለመምጣት አሥር ደቂቃ ይቀረዋል» አለ በመጨረሻ።

«ግድግዳውስ?»

መዳፉን ከመዳፏ ጎን አሳረፈ። «እኔ አለሁ።»

ኔሪስ ተነሳች። ሳሎኑ በር ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ፕራይስ ስባሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት። ስትመለስ እሳቸውንም ታናግራለች። አውቶብሱ ግን አይጠብቅም።

ጃኬቷን ሳትፈልግ የውጪውን በር ከፈተችና ቁልቁለቱን በዝናብ ሮጠች።