ከአስከሬኑ ስር ያለው ጉዝጓዝ

አሮጊቷ በዶሮ ቤታቸው ውስጥ በደረታቸው ተደፍተው፣ ጫጩቶቻቸውም ዙሪያቸውን ረግፈው ተገኙ። ሰፈሩ ባንድ አፍ «አናጢው ነው!» አለ።

ምክንያትም አላጣም። አናጢው የግቢው ተከራይ ነው፤ በዶሮዎቹ ኩስ ሽታ ከአሮጊቷ ጋር ሲነታረክ ኖሯል። «አንድ ቀን ከነዶሮዎችዎ እገላገልዎታለሁ» ሲልም ተሰምቷል። ለጉዝጓዝ የሚሆነውን ሰጋቱራ የሚሰጣቸውም እሱ ሲሆን የሚሠራበት እንጨት በምስጥ መድኃኒት የተነከረ ነው። ሰፈር ከሳሽም ምስክርም ዳኛም ሲሆን ፍርድ አይዘገይም። ሬሳው ሳይነሳ አናጢው በካቴና ታስሮ ግቢው መሐል ተቀምጧል፤ ነፃ የሚያወጣው ነገር ካልተገኘ በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ነው።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ዶሮ ቤቱ ገባች። ባልደረቦቿ ነገር ሳታበጥር ስለማታልፍ «እመት ወንፊት» ይሏታል። ቤቱ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከሳጥን ጣውላ ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ከጣሪያው ስር የሽቦ መረብ የተወጠረበት ረጅም ክፍተት አለው። ሬሳውን ስታስነሳ ከደረታቸው ስር የነበረው የአሮጊቷ እጅ ወጣ። እፍኝ ጭድ ጨብጧል።

«ዶሮ ቤት ውስጥ ጭድ ምን ይገርማል?» አለ ሃምሳ አለቃው። መርማሪዋ ግን ወጥታ የሟቿን ልጅ ጠራችው።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ። የሌሊት ዘበኛ ነኝ፣ ነግቶ ከሥራ ስመለስ... እናቴን በላት ይሄ አረመኔ!»

«ለጉዝጓዝ ጭድ ትጠቀሙ ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! ‹ጭድ ዶሮ ቤቴ ከሚገባ እኔ ልውጣ› ትል ነበር። ሲረጥብ ይሻግታል፣ የጫጩት ሳንባ ይጎዳል ባይ ናት።»

ምራቲቱ ጓዳዋ ውስጥ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አማትሽ እንዴት ነበሩ?»

«ክፉ አልነበሩም። ግን እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን ‹እሰይ› ብለውኝ አያውቁም።»

መርማሪዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ብትቀመጥ ፍራሹ ባንድ ወገን ሟሽሾ ጣውላው ቆረቆራት። ከበሩ ኋላ ባዶ የሰጋቱራ ጆንያ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሴትየዋ እንደማታመልጥ ስለገባት ይሆናል፣ መርማሪዋ ለመነሳት አልቸኮለችም።

ከዚያ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሰጋቱራው አልገደላቸውም» አለች። «ከሬሳው ስር ያለው ጉዝጓዝ አሮጌ፣ በኩስ የጠጠረ ነው። ዙሪያውን ያለው ግን አዲስና ደረቅ። አዲሱ የተበተነው ከወደቁ በኋላ ነው ማለት ነው።»

«የሞተ ሰው ላይ ምን ያስበትናል?» አለ ልጁ።

«የሚሸፈን ነገር ስላለ ነዋ! ጠርጌ ሳየው ወለሉ ክብ የቃጠሎ ምልክት አለው። የከሰል ማንደጃ የተቀመጠበት ነው።»

«ከላይ ክፍት እኮ ነው! እንዴት ያፍናል?»

«ትናንት ማታ ክፍት አልነበረም። ሽቦው ላይ ጭድ ተሰክቶ ቀርቷል፤ እናትህም ጭድ እንደጨበጡ ነው የሞቱት። ጫጩቶቹ ዝም ሲሉባቸው ገቡ፤ ክፍተቱ መጠቅጠቁን አይተው ሊነቅሉ ሞከሩ፤ ከሰሉ አፈናቸው። የቀረውን ጭድ ሌላ ሰው ነቅሎታል። የጨበጡት ግን ከደረታቸው ስር ስለነበር አልታየውም። አናጢው የሚተኛው ስፖንጅ ላይ ነው። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። የእናንተ ፍራሽ ግን በጭድ የተሞላ ነው፤ ደግሞም ጎድሏል።»

ባል ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አምና ጫጩቶቹ በብርድ አልቀውባቸው ሲያለቅሱ አይቻለሁ» አለች ሴትየዋ። «ዘንድሮ እንኳ ይትረፉላቸው ብዬ ነው ከሰሉን ያስገባሁት። ጠዋት ሞቋቸው ሲያገኟቸው ‹እሰይ ልጄ› እንዲሉኝ ነበር። ወድቀው ሳያቸው ፈራሁ።»

«ይሄን ሰውዬ ሲያስሩትስ?» አላት ባሏ።

«ዝም አልኩ።»

ባልየው አልጮኸም፣ አልተማታም። «ከእንግዲህ ዓይንሽን አልይ» ብሎ ጀርባውን ሰጣት። አንጀቱ እንደቆረጠ ሁሉም ገባው።

አናጢው ካቴናው ሲፈታለት መሄድ ሲገባው ቆመ። ሴትየዋ አሳዘነችው፤ ሊያጽናናት ፈለገ።

«አይዞሽ፣ እኔ አልተቀየምኩሽም። እማማ ብንጣላም ብንታረቅም ሰጋቱራ ሊወስዱ ሲመጡ ስላንቺ ሳያወሩ አይሄዱም ነበር። ‹የምራቴ እጅ ወርቅ ነው። ፊት ለፊት ባመሰግናት ትበላሽብኛለች ብዬ እንጂ ከወለድኩት ትበልጥብኛለች› ይሉ ነበር።»

ሴትየዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እስከዚያ ያልወጣው እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ።

«ምነው ባልነገርከኝ» አለችው።