ከጌሾው ሥር የተቀበረው

ትርንጎ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ከማድ ቤቱ ጀርባ ልብስ ታሰጣለች። ግራ ጡቷ በካንሰር ከተቆረጠ ወዲህ ግራ እጇ ከትከሻዋ በላይ ስለማይነሣ፣ ባሏ ሽፈራው ገመዱን ዝቅ አድርጎ አስሮላታል። ዛሬ ልቧን ቀለል ብሏታል። ጠዋት ሐኪሙ ካርዷን ገልጦ፣ «ስትመጪ ደረጃ ሦስት ነበር፤ ብብትሽ ድረስ ደርሶ። ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ አልተመለሰም። ምን እየበላሽ ነው፣ እናቴ?» ብሎ አስቋታል።

ስለ ድምፁ ግን አልነገረችውም። አምስት ዓመት ሙሉ ከገመዱ አጠገብ ካለው ጌሾ ሥር፣ ትንፋሽ ለመሳብ ብቻ የሚያቋርጥ እርጥብ የመጥባት ድምፅ ሰምታለች፤ አይጥ ነው እያለች ትታዋለች። ከድምፁ በኋላ አፈሩ ትኩስ ወተት ወተት ይሸታል።

ዛሬ ድምፁ የለም። ሽታውም የለም። ልብሱን ጨምቃ ስታራግፍ፣ ከመሬቱ ውስጥ የራበው ሕፃን የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ማልቀስ ተሰማት፤ ወዲያው ዝም አለ።

«ሽፌ፣ ጡቴን የት ነው የቀበርከው?»

«ዛሬ ደግሞ ምን አመጣው?»

«የት ነው?»

«እዚሁ። ውሻ እንዳይጎትተው ብዬ እንጂ ከሆስፒታል ለምኜ ያመጣሁት ለሌላ ነው? ሌላው መሬት ድንጋይ ነበር፤ ይኼ አንዴ ስለተቆፈረ ለስለስ ይላል።»

ለምን እንደተቆፈረ ሁለቱም ያውቃሉ። ሴት ልጃቸው ክርስትና ሳትነሣ በአሥራ ዘጠኝ ቀኗ ሞታ እዚያ ገብታለች። ትርንጎ የግራ ጡቷ ያበጠው ወተት ቋጥሮ መስሏት ጡት ከልክላት ነበር፤ ልጅቱ እያለቀሰች ሞተች።

«እየጠባች ነበር» አለችው።

«አንቺ! የሞተ ልጅ ይጠባል እንዴ? ደግሞ እኮ በሕይወቷ ሳለች ነበር ማጥባት!» ብሎ ሳቀባትና፣ አፏን ሊያስይዛት ዶማውን አነሣ።

ብዙ አልቆፈረም። ጡቱን የቀበረበት የፕላስቲክ ባልዲ ክዳኑ ተከፍቷል፤ ውስጡ እንደተላሰ ሳሕን ንጹሕና ደረቅ ነው። አጠገቡ የልጅቱ መጠቅለያ ጨርቅ ተፈትቶ ተዘርግቷል። ምንም የለበትም። ሽፈራው ዶማውን ጥሎ ወደ ቤት ሮጠ።

ትርንጎ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በቀኝ በኩል ቀሚሷ ረጥቦ ነበር። ቁልፉን ስትፈታ፣ በቀረው ጡቷ ጫፍ ዙሪያ ጠዋት ያልነበረ የትናንሽ ጥርሶች ምልክት አየች። የሐኪሙ ጥያቄ ትዝ አላት፤ አምስቱን ዓመት ስትበላ የኖረችው እሷ አልነበረችም።