የዛሬው ታምቡር

«ብርድ ልብሱ የስንት ሰው ነው?»

«የአንድ። ግን ሁለት ያሞቃል።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ዘርአ ዳዊት ጥቅሉን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ለስለላ አለቃው አቀበለ። የአለቃው የሚስጥር ስም «ገበዝ» ነው። ብርድ ልብሱ ውስጥ የተጠቀለለው የሚኒባስ ፍሬን ታምቡር ነው፤ ጠዋት ከፋብሪካ የወጣ፣ የተሰነጠቀ።

«ፎቶ አንስቼው ልመለስ። ለፖሊስ መርማሪው አንተው ታደርሰዋለህ» አለ ገበዝ።

ዘርአ ዳዊት የውሸት ስሙ ነው። ገበዝ ልኮት ሰባት ወር ፋብሪካው ውስጥ የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ሠራተኛ መስሎ ሰልሏል። ቶርኖውን የሚያዘው ፕሮግራም ኮምፒውተር ራሱ የጻፈው ነው፤ ብረቱን ከልክ በላይ አቅጥኖ ይቆርጠዋል። አንኮበር ቁልቁለት ላይ ሁለት መኪና ፍሬን ከድቷቸዋል። የፋብሪካው ባለቤት ግን «ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ነው» ብሎ ማርያማዊትን ከሰሳት።

ከቶርኖው ተሰንጥቆ የወጣው የዛሬው ታምቡር ውሸቱን ያጋልጣል።

ማርያማዊት የቄስ ልጅ ናት። ታምቡር አንጠልጥላ በመዶሻ ትመታለች፤ ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፣ ስንጥቁ ድም ብሎ ይቀራል። ጠዋት የተሰነጠቀውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰጠችው። «አደራህን! ይሄ ከጠፋ ወህኒ ነኝ።»

ገበዝ ተመለሰ። ዘርአ ዳዊት ታምቡሩን በገመድ አንጠልጥሎ በድንጋይ መታው።

ጮኸ። እንደ ደወል።

«ቀይረኸዋል!»

«ማሽን አይከሰስ!» አለ ገበዝ። «ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ ትበቃለች።»

«ለባለቤቱ የምትሠራው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው። የላክሁህ በእጇ ያለውን ማስረጃ እንድታወጣልን ነው።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ጥይት ቢሆን ይሻለው ነበር።

አንድ ማስረጃ ቀርቷል። እሱ ራሱ።

ቶርኖው በየጠዋቱ በስክሪኑ ላይ «ፕሮግራሙን ሰው አይቶታል?» ብሎ ይጠይቃል። በባለቤቱ ትእዛዝ፣ በማርያማዊት የመግቢያ ቁጥር ገብቶ «አዎ» የሚለው እሱ ነበር። ማንም አይቶት አያውቅም። ለገበዝ ቢነግረው «ሥራህን አታበላሽ» አለው፤ እሱም እሺ ብሎ ቀጠለ።

ይህንኑ ጻፈ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፕሮግራሙን ቁጥር። ፈርሞ መርማሪው ቢሮ ጣለና ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ቶርኖው ታሸገ፣ ታምቡሮቹም ተሰበሰቡ። ማርያማዊት ነፃ ወጣች። ዘርአ ዳዊት ግን ተፈላጊ ሆነ።

አንኮበር ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ነህ ለካ!» አለች ማርያማዊት እያለቀሰች። «አብረን እየበላን፣ በእኔ ቁጥር! ምነው? ምን በደልኩህ?»

ስልኩን ዘጋ።

ሲም ካርዱን ሰብሮ ጣለ። ወደ አልዩ አምባ የምትወርድ ፒካፕ አቆመ።

«ዓወል እባላለሁ» አለ ሹፌሩ። «አንተስ?»

«ፍሬንህ ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

ስሙን ሳይናገር ከኋላ ተሳፈረ።