ቅናት የነጠለው ገዳይ

ከጨረቃ ወዲያ፣ ከማርስ ወዲህ፣ እህል ነቀዘ። «ግዮን» በተባለችው መርከብ ላይ ነቀዝ ብርቅ አልነበረም፤ ይህኛው ግን ብረት ቆርጥሞ በመስታወት የሚያወራርድ ጉድ ነው! አንዱን የዘር ጎተራ ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል። እሱም ካለቀ ማርስ ላይ የሚዘራ የለም።

መድኃኒቱ አፈር ውስጥ ያለ፣ ነፍሳት ገዳይ ባክቴሪያ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ደንቡ ከተወለደበት ቀዬ እፍኝ አፈር ይዞ ነበርና፣ ላቦራቶሪው የሁሉንም ለ«አነፍናፊው» አቀረበ፤ ባክቴሪያን በጠረኑ እየለየ ለሚነጥለው ማሽን ማለት ነው።

የላቦራቶሪው ተመራማሪ የዶክተር ላቀው የሞጣ አፈር፣ እሱ እንደሚለው፣ ዱላ ቢተክሉበት ጎመን ያበቅላል። አነፍናፊው አሽትቶ፣ «ምንም የለም» አለ። ወደ ላቀው ባልደረባ ወደ ስንዱ የሰላድንጋይ አፈር ዞረና፣ «ገዳይ አለ። ሌላው ባክቴሪያ ስለበዛ ግን መነጠል አልቻልኩም» አለ።

«ጋሽ ላቀው» አለች ስንዱ እየሳቀች፣ «ዱላዎ ጎመኑን መቼ ነው የሚያበቅለው?»

ላቀው ክፉኛ ቀና። ያ ቅናት ሞተር ላይ ቢገጠም መርከቧን ማርስ አድርሶ በመለሳት ነበር! ስንዱ ምሳ ስትወጣ፣ በውሃ የበጠበጠችውን አፈር ከነብልቃጡ አንስቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረው።

«እስቲ አሁን ግደል!» አለው። ሲበቃው ቦታው መለሰው።

ስንዱ ተመልሳ ብልቃጡን ለአነፍናፊው ሰጠች።

«አንድ ዓይነት ብቻ ቀርቷል» አለ ማሽኑ። «ገዳዩ!»

በደስታ ሰክራ ያገኘችውን ሁሉ አንድ ጆንያ እህል ላይ ረጨችው። ነቀዙ ሰልፉ እንደተበተነ ጦር ተዘረረ። ላቦራቶሪው በእልልታ ሲናጋ ላቀው ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ሙቀቱ ሌላውን ሁሉ ፈጅቶ፣ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የተኛውን ገዳይ ብቻ እንዳተረፈ ገብቶታል።

ስንዱ ለጎተራው የሚበቃ ለማውጣት ከቀረው አፈር በጥብጣ አቀረበች። «ሌላው በዝቷል» አለ አነፍናፊው።

«ምኑ ተለየ?» እንባዋ መጣ። ደገመች። «ሌላው በዝቷል።»

ላቀው እውነቱን ቢያወጣ ስሙ አፈር ይበላል፤ ባያወጣ ዘሩን ነቀዝ ይበላዋል። የነቀዙ ቁርጥማት ደግሞ ሰባት ፎቅ አልፎ ጆሮው ውስጥ ይሰማዋል።

«ቀቅዬዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«አፈርሽን። ቀንቼ።»

ስንዱ አፍጥጣ አየችው። «ለምን ያህል ጊዜ?»

«ንዴቴ እስኪበርድ።»

«ጋሽ ላቀው፣ የእርስዎ ንዴት በሰዓት ሲለካ ስንት ነው?»

አነፍናፊው ጣልቃ ገባ። «የምድርን ባክቴሪያ ሁሉ አውቃለሁ፤ ይህን ዘዴ ግን አላሰብኩትም። መነሻው ምንድን ነው?»

«ቅናት» አለ ላቀው አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ ውስጥ የለም።»

«ለዚህ ነዋ ያቃተህ!» አለችው ስንዱ። አዲስ ብልቃጥ በጥብጣ ላቀው እጅ ላይ አኖረችና ወደ በሩ አመራች። «በሉ ጋሽ ላቀው፣ እኔ ምሳ ልውጣልዎት።»